ሞገድ፣ ጨረር፣ ራጅ፦ ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ለገጣፎ ዳር ነው። ሰፈራችን ውስጥ የስልክ አንቴና ማማ ሊተከል ነው ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ግማሹ "ጨረር ነው፣ ልጆቻችንን ይጎዳል" ይላል። ሌላው "ጨረር ሳይሆን ሞገድ ነው፣ ምንም አያደርግም" እያለ ይከራከራል። እኔ እናት ነኝና ነገሩ አሳስቦኛል። ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦
እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ የሚከራከሩት ሁለት ስም ባለው አንድ ነገር ላይ ነው። ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድም ነው፣ ጨረርም ነው። ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን ከስሙ አታገኚውም።

ሞገድ መጀመሪያ የውሃ ቃል ነው። ባሕር ሲናወጥ ሞገድ ተነሣ እንላለን፣ ሲበረታ ደግሞ ማዕበል። ፊዚክስ ቃሉን ከውሃው ወስዶ አሰፋው፦ መናወጥ ከቦታ ቦታ ሲጓዝ ሞገድ ነው። የሚጓዘው መናወጡና የተሸከመው ጉልበት ነው፣ ዕቃው ባለበት ይቀራል። ልብስ የምታሰጪበትን ገመድ ጫፉን ይዘሽ አንዴ ወደ ላይ ብትመቺው ጉብታው እስከ ማዶው ምሰሶ ይሮጣል፣ ገመዱ ግን የትም አልሄደም።

ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ይባላል። በአንድ ሰከንድ ስንት ጉብታ እንዳለፈ ስንቆጥር ድግግሞሽ እንለዋለን፣ መለኪያው ኸርዝ ነው። ሁለቱን ብታባዢ ፍጥነቱን ታገኛለሽ።

ድምፅ ለመጓዝ አየር ወይም ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ብርሃንና ሬዲዮ ግን ምንም አይፈልጉም። የሚናወጡት የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች (ተጽዕኗቸው የሚደርስበት ዙሪያ) ራሳቸው ስለሆኑ ባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይበርራሉ። ይህን የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በፈረንጆቹ 1865 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አሳየ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ኸርዝ የሚባል ሌላ የፊዚክስ ሊቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አረጋገጠው። የመለኪያው ስም ከእሱ የመጣ ነው።

ሬዲዮ ላይ 97.1 ስትከፍቺ አንቴናው መስኩን በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ እያናወጠ ነው ማለት ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። በድሮው አጭር ሞገድ ጊዜ ጋዜጠኞቹ "በ31 ሜትር ባንድ" የሚሉት ደግሞ ድግግሞሹን ትተው ርዝመቱን እየነገሩን ነበር። (አባቶቻችን ጣቢያ ፍለጋ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ እያየ ያደገ ሰው ይህ ቃል ጆሮው ውስጥ አለ።) አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር፣ አዮኖስፌር ከሚባለው ክፍል፣ ነጥሮ ስለሚመለስ ከአውሮፓ ተነሥቶ እኛ ጋ ይደርሳል። ኤፍኤም ግን ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ይጋርደዋል፤ ማሠራጫ ማማ እንደ ፉሪ ተራራ ያለ ከፍታ ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው።

ድግግሞሹን እየጨመርሽ ብትሄጂ ከሬዲዮ ቀጥሎ ማይክሮዌቭ ይመጣል፣ ከዚያ ኢንፍራሬድ፣ ከዚያ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ራጅ፣ መጨረሻ ጋማ። ሁሉም አንድ ዘር ናቸው። የማርያም መቀነት ላይ ከቀይ እስከ ሐምራዊ የምናየው በጣም ጠባቧን ክፍል ብቻ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ700 እስከ 380 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ የሆነውን።

ጨረር የምንለው ከምንጩ ወጥቶ የሚሰራጭን ጉልበት ነው። የፀሐይ ጨረር እንላለን፣ ትክክል ነው። የአምፖል ብርሃንም ጨረር ነው። በነገራችን ላይ ጨረር ሁሉ ሞገድ ነው ብለን ደግሞ አንጠቅልል፤ አልፋና ቤታ የሚባሉት ጨረሮች ቅንጣቶች ናቸው።

አሁን ወደ ልጆችሽ። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ጨረሩ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነጥሎ ዲኤንኤን ማበላሸት ሲችል ነው። ይህ አቅም የሚጀምረው ከአልትራቫዮሌት ላይኛው ጫፍ ነው፣ ራጅና ጋማ አላቸው። 900 ሜጋኸርዝ (በሰከንድ 900 ሚሊዮን ጊዜ) ላይ የሚሠራ የስልክ አንቴና ድግግሞሹ ከሚታየው ብርሃን ከ400,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። የተረጋገጠው ውጤቱ ማሞቅ ነው፣ እሱም አንቴናው አጠገብ ሲጠጉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ደግሞ የሚደበቅ ነገር እንዳይኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2011 የሬዲዮ ሞገድን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚለው ምድብ አስገብቶታል፤ ይህ ማለት ጥርጣሬው አልተዘጋም፣ ግን አልተረጋገጠም ነው። ስለዚህ አጥሩ ይከበር፣ ልጆች ማማው ላይ አይውጡ። እኔን ከማማው ይልቅ የሚያሳስበኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ነው፤ ኤሌክትሮን ባይነጥልም ዲኤንኤን ይጎዳል። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። የእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ባርኔጣ አድርጊላቸው።

ሌላ አባል፦
ጋሼ፣ "ሞገደኛ" የሚባለውስ ከዚሁ ነው? እናቴ አልገራ ያለውን በሬ እንደዚያ ትለው ነበር።

መልስ፦
አዎ ልጄ። የሚናወጥ፣ የማይረጋ፣ ቢይዙት የማይያዝ። ለሰውም ለከብትም ይሆናል።

ሌላ አባል፦
ራጅስ ከየት መጣ?

መልስ፦
ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን በፈረንጆቹ 1895 ሲያገኘው ምንነቱን ስላላወቀ ኤክስ አለው፣ በሒሳብ ያልታወቀ ነገር እንደሚጻፈው። የእኛው ራጅ ከጣልያንኛው "ራጂ" የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ጨረሮች ማለት ነው። "የራጅ ጨረር" ሲባል ቃሉ ሁለቴ ተነገረ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ግን "ራጅ ተነሺ" ነው የሚባለው፣ እሱም በቂ ነው።