«የኢትዮጵያና የእንግሊዝ» ወይስ «የኢትዮጵያና እንግሊዝ»?

ብራና፦
ጤና ይስጥልኝ። ለውክፔዲያ አንድ መጣጥፍ እያዘጋጀሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ከላኩት ደብዳቤ ይነሣል፣ በ1868 መቅደላን ያልፋል፣ ከዚያም እስከ 1942 እና 1944 ስምምነቶች ይወርዳል። ጽሑፉ አላስቸገረኝም፤ የያዘኝ አርእስቱ ነው። «የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ግንኙነት» ብዬው ነበር። ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄ ሁለተኛውን «የ» ሰርዞ «የኢትዮጵያና እንግሊዝ ግንኙነት» አደረገው። ጆሮዬ አልቀበል አለ፤ ምክንያቱን ተናገር ብባል ግን የምለው የለኝም። የትርጉም ልዩነት አላቸው ወይ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ከ«የ» በፊት ቅደም ተከተሉ ይወሰን። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የሁለት አገሮች ግንኙነት ሲሰየም አገሮቹ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፤ ማን ይቅደም የሚል ክርክር እንዳይነሣ። ወደ እኛ ስናመጣው፣ በሀ ለ ሐ መ ተራ «በ» ከ«አ» ይቀድማል፤ ስለዚህ «ብሪታንያ» ካልክ «የብሪታንያና የኢትዮጵያ» ማለት ግድ ነው። «እንግሊዝ» ካልክ ግን ሁለቱም የ«አ» ቤት ናቸው፤ ኢ ሣልስ፣ እ ሳድስ፣ ኢትዮጵያ ትቀድማለች። አሜሪካም እንደዚሁ ናት፦ «አሜሪካ» ስትባል ትቀድመናለች፣ «ዩናይትድ ስቴትስ» ስትባል ትከተለናለች። ሕንድ፣ ሱዳን፣ ቱርክና ቻይና ከፊታችን ናቸው፤ ኬንያ፣ ጅቡቲ፣ ጃፓንና ግብፅ ከኋላ። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ቁረጥ።

ዘጎንጅ፦
ልጄ፣ ተራ ማለት ሀለሐመ ብቻ አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በአበገደ ነው፤ ደስታ ተክለ ወልድም የአማርኛውን በዚያው ሄዱበት። በአበገደ «አ» ራስ ነው። ኢትዮጵያ ከሱዳንም ከብሪታንያም ትቀድማለች፤ ከፊቷ የሚገቡት እንደ አሜሪካና እንደ ኡጋንዳ በራሱ በ«አ» ቤት ያሉት ናቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦
መርጌታ፣ ሊቃውንቱን አከብራለሁ። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ የቆጠረው ሀ ሁ ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚደረድረው በዚያ ነው። የማያውቀው ተራ ላይ ኢትዮጵያን ሁልጊዜ በራስጌ ሲያያት ለራሳችን ያደላን ይመስለዋል። የፊደል ተራ የመጣው ያንን ጥርጣሬ ሊያጠፋ ነው።

የዲሲዋ፦
ብታደላስ? ሁለት መንግሥታት ውል ሲፈራረሙ እያንዳንዱ ለራሱ በሚያስቀረው ቅጂ ላይ ስሙን ያስቀድማል፤ የቆየ የዲፕሎማሲ ልማድ ነው፣ ማንም ቅር አይሰኝበትም። እኔ የምጠይቀው ስለ «ግንኙነት» ነው። አባቴ «የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ወዳጅነት» ነበር የሚሉት። ወዳጅነት የውል ቃል ነው፣ «የወዳጅነትና የንግድ ውል» እንደሚባለው። መቅደላን አቃጥሎ መጻሕፍቱን የወሰደ ጦር ያለበትን ታሪክ ግን ወዳጅነት ብዬ መጥራት አይሆንልኝም። «ግንኙነት» ሁለቱንም ይሸከማል ወይ?

ዘጎንጅ፦
ይሸከማል፣ እኅቴ። በግእዝ ረከበ ማለት አገኘ ነው፤ ተራከበ ማለት ተገናኘ። አማርኛውም ያንኑ መንገድ ሄዷል፦ ከአገኘ ተገናኘ። አንዱ ሌላውን ማግኘቱ እንጂ መውደዱ በቃሉ ውስጥ የለም። ሲሳይ አገኘው እንላለን፤ ጥይትም አገኘው እንላለን። «ዝምድና» ቢሉ ግን አልስማማም፤ ዘመድ ከፀመደ ጋር አንድ ዘር ነው ባይ ነኝ፣ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ማለት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ዘ» እና «ፀ» በምን ተወራረሱ? የፀመደ ልጅ በአማርኛ ጠመደ ነው፣ ጥማድ በሬ የምንለው። ዘመድ ለብቻው ይቁም።

ብራና፦
ወንድሞቼ፣ እኅቴ፣ ስለ «የ» ነበር የጠየቅሁት።

ዘጎንጅ፦
እውነት ነው፤ መልሱ ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አለልህ። «ገባሬ ሰማያት ወምድር» ይላል። ገባሪ የነበረው ገባሬ ብሎ አንድ ጊዜ ዘርፍ፣ ማለት እኛ በ«የ» የምናያይዘውን ስም፣ ከያዘ በኋላ ምድርን በ«ወ»፣ በእኛ «ና»፣ ብቻ አስከተላት፤ ሰማይና ምድር በአንድ ፍጥረትነት ተጠቅልለዋል። ወዲያው ግን «ዘያስተርኢ ወዘኢያስተርኢ» አለ። የሚታየውና የማይታየው አይቀላቀሉምና «ዘ»ን፣ የእኛን «የ»፣ ደገመው። አማርኛውም እንዲሁ ነው። «የባልና ሚስት ጠብ» እንላለን፣ አንድ ሥጋ ናቸውና አንድ «የ» ይበቃቸዋል። ሁለት መንግሥታት ግን ባልና ሚስት አይደሉም። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው «የ» ይቁሙ። ጆሮህ የነገረህ ይህን ነው።

የዲሲዋ፦
ይህ ወደ ልቤ ገባ። «የኢትዮጵያና ኤርትራ ፌዴሬሽን» ሲባል፣ ከ1952 እስከ 1962 የነበረው፣ አንዱ «የ» ለሁለቱ ይበቃል፤ ፌዴሬሽኑ አንድ ቤት ነበርና። የ1998ቱ ጦርነት ግን «የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት» መባል አለበት። «ኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር»ም በዚህ ይፈታል፦ ሐዲዱ የጋራ ንብረት ስለሆነ ስሙ ተቆርጦ ተጣበቀ። «ኢትዮ-እንግሊዝ ግንኙነት» ግን የአንድ ድርጅት ስም ይመስላል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ማማሩን ያምራል፣ ግን ሁለቱ «ዘ» አንድ አይደሉም። «ዘያስተርኢ» ላይ ያለው ግስ ላይ የገባ ቅጽል ነው፤ «የሚታየው» እንደምንለው። ብራና የጠየቀው ስም ላይ የሚገባውን ዘርፍ አያያዥ ነው። ከቅጽል ተነሥቶ ለዘርፍ መፍረድ አይቻልም። ደግሞም «የእናቴና የአባቴ ቤት» ስል ቤቱ አንድ ነው፣ «የ» ግን ሁለት። አንድነትና ልዩነት በ«የ» ቁጥር የሚለካ ከሆነ ወላጆቼ በሁለት ቤት ሊኖሩ ነው።

ዘጎንጅ፦
ቅጽልና ዘርፍ ልዩ መሆናቸውን ጉባኤ ቤት ነው የተማርኩት፤ እሱ አይነገረኝም። እኔ ያልኩት መድገም የመለየት ምልክት ነው የሚል ነው። ለቤቱም ቢሆን፣ እናትህና አባትህ አንድ ቤት ቢኖራቸውም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ «የ»ው የተደገመው ለሰዎቹ ነው እንጂ ለቤቱ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንግዲያው ባልና ሚስትስ ሁለት ሰዎች አይደሉም?

አርታዒ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ስለ «የ» ሁለታችሁም ያላችሁት ይመዝናል፤ እኔን ያሳሰበኝ «እንግሊዝ» ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1707 በአንድ መንግሥት ከተጠቃለሉ ወዲህ እንግሊዝ የሚባል ለብቻው የቆመ መንግሥት የለም። መጣጥፉ ከ1862 ስለሚነሣ አርእስቱ «ብሪታንያ» ይበል፤ «እንግሊዝ» ብሎ የሚፈልግም ወደዚያው እንዲመራ ይደረግ። በውስጡ ግን የዘመኑ ሰው እንግሊዝ ብሎ ከጻፈ እንዳለ ይቀመጥ፤ የሰውን ቃል አናርምም።

ብራና፦
«ብሪታንያ»ን ተቀብያለሁ። ታዲያ በሀለሐመ ከሆነ «የብሪታንያና የኢትዮጵያ ግንኙነት» ልበል? ወዳጄ ደግሞ አሁንም «የብሪታንያና ኢትዮጵያ» ነው የሚለው።

ዘጎንጅ፦
የባልና ሚስቱን ነገር ሳልመልስ አልሄድም። ነገ ከቅዳሴ መልስ «ዘ» ስም ላይ የተደገመበትን ከዳዊት አውጥቼ አመጣለሁ፤ እስከዚያ አርእስቱን አትዝጋው።