«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈታሁት»፦ ውሻ ይዞ ሳነቴ ስለመውጣት

የጎባ ልጅ፦
ትናንት አንድ ወንድማችን ከባሌ ተራሮች፣ ከሳነቴ አምባ ላይ ያነሣቸውን ሦስት ፎቶግራፎች እዚህ ለጥፎልናል። ውሻው ያለ ማሰሪያ በጅብራው መካከል ይሮጣል። ከሥሩ «ቦቢም እረፍት ይገባዋል» የሚል ተጽፏል። ብዙ ሰው ወዶለታል፤ እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ገብቶ የዚያን አካባቢ አብዛኛውን ቀበሮ ጨርሶታል። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከብት ጥበቃ ውሎ ሲመለስ «ጄዳላ ፋርዳ ሞቶ አገኘሁ» እያለ (ቀይ ቀበሮን በኦሮምኛ እንዲህ እንላለን) በተከታታይ ቀናት ሲናገር አስታውሳለሁ። በሽታው የመጣው ከውሻ ነው። እባካችሁ፣ ለእረፍት ስትመጡ ውሻችሁን ቤት ተዉት።

የቦቢ አባት፦
ፎቶግራፎቹ የእኔ ናቸው። ስሜን ሳትጠራ ከምትወቅሰኝ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። ከጎባ በሳነቴ አድርጎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው። አውቶቡስ ያልፍበታል፣ ጭነት መኪና ያልፍበታል። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወረድኩ። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈታሁት። ቦቢ ደግሞ የተከተበ ውሻ ነው። አምና ለገና ስሄድ ለዘበኛ ትቼው ነበር፤ ስመለስ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ዘንድሮ ለማን ልተወው?

አስጎብኚው፦
አሥራ አንድ ዓመት ሰው ወደ ሳነቴ ይዤ ወጥቻለሁ። እኔን የያዘኝ «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚለው ቃል ነው። ውሻ በአምስት ደቂቃ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ሳነቴ ገላጣ ነው፤ የሚያግደው ዛፍ የለም። ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ያየ ውሻ ጠርተኸው አይመለስም። ወቅቱንም አስቡት። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለገና ስትመጡ ግልገሎቹ ገና ጎሬ ውስጥ ናቸው።

የቦቢ አባት፦
ቦቢ ቀበሮ አላየም፣ አልነካም። ከመኪናው አልራቀም።

አስጎብኚው፦
ሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ከመኪናው ምን ያህል እንደራቀ አይቻለሁ። መኪናው የክብሪት ቀፎ አክሏል።

ከሜሪላንድ፦
ወንድሞቼ፣ ሰውየውን ወንጀለኛ አታድርጉት። እኔ የምኖርበት አገር ሰው ውሻውን ሳይዝ እረፍት አይወጣም፤ ሆቴሉም ይቀበላል። የባሌ አርብቶ አደር ስንት ውሻ አለው? ፓርኩ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ውሻ ከመንጋው ጋር ይኖራል። አብዛኛው ክትባት አያውቅም። እነሱን ትታችሁ አንድ የተከተበ የአዲስ አበባ ውሻ ላይ መዝመት ፍትሕ አይደለም።

የጎባ ልጅ፦
የእኛ ውሻ ጅብ ይጠብቃል። እሱ ከሌለ በግ የለም፣ በግ ከሌለ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። የቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ ሠራተኞች በየዓመቱ በፈረስ እየዞሩ የእኛን ውሾች ይከትባሉ፤ እናቴ ራሷ ውሻዋን ይዛላቸው ታስከትባለች። እኛ ችግሩን ለመቀነስ ስንደክም ሌላው ለፎቶግራፍ ብሎ ተጨማሪ ውሻ ያመጣብናል። ለኑሮ የሚያስፈልግን ውሻ ለሽርሽር ከመጣ ውሻ ጋር አንድ አታድርግብኝ።

የመርካቶዋ እናት፦
እኔ ስለ ቀበሮው ብዙ አላውቅም። «የቦቢ አባት» የሚለውን ስም ሳይ ግን ልቤ ደማ። ልጄን የሰፈር ውሻ ነክሷት ክትባት ፍለጋ ሦስት ጤና ጣቢያ ዞሬያለሁ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት እንደሌለው የነገሩኝ ቀን እንዴት እንዳደርኩ እግዚአብሔር ያውቃል። በቁስሉ ላይ ቶሎ ውኃና ሳሙና እንዳፈስስ የነገረኝ እንኳ አልነበረም። አባትነት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለውሻ አይሰጥም።

የቦቢ አባት፦
እናቴ፣ ስለ ልጅዎ ከልቤ አዝኛለሁ። ስሙ ግን እርስዎን ለመንካት የወጣ አይደለም። ብቻዬን ነው የምኖረው። ማታ በር ስከፍት የሚቀበለኝ ቦቢ ነው።

የመርካቶዋ እናት፦
ልጄ፣ ብቸኝነትህን አልናቅሁም። ማሰሪያውን ያዝ ነው የምልህ።

ከሜሪላንድ፦
ውሻ መውደድ የአእምሮ ጉድለት ይመስል የምትናገሩት ያሳዝነኛል። እኔ በሚቀጥለው ክረምት ውሻዬን ይዤ አዲስ አበባ ልመጣ ነው፤ አስከትቤዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ሁለት ነገር ልበል። መጀመሪያ ለሜሪላንዱ ወንድሜ፦ ከመነሣትህ በፊት ስለ መመለሻው አስብ። አሜሪካ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉን አጥብቃለች። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ውሻው ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ሊኖረው፣ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ሊቀበርለት ይገባል፤ አሜሪካ ውስጥ ስለመከተቡ የሚመሰክረው ቅጽም ከዚያ ሳይወጣ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መጽደቅ አለበት። ያለዚያ መመለሻው ላይ ትቸገራለህ።

ሁለተኛው ለቦቢ ጌታ ነው። «የተከተበ» ስትል በምን የተከተበ? የእብድ ውሻ ክትባት አንድ ነገር ነው፣ ዲስተምፐር የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ክትባት ሌላ ነው። በ2010 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የባሌን ቀበሮዎች የገደለው ዲስተምፐር ነው። እሱ ንክሻ አይጠብቅም፤ በትንፋሽ፣ በንፍጥና በምራቅ ይተላለፋል። ሁለቱንም በጊዜው የተከተበ ውሻ የሚያስከትለው ስጋት አነስተኛ መሆኑን እመሰክራለሁ። ነገር ግን እዚያ ያሉት ውሾች ለቦቢም አደጋ ናቸው። ከእነሱ ይዞ አዲስ አበባ ሊመለስ ይችላል። ደብተሩን ተመልከት።

የቦቢ አባት፦
ደብተሩ ላይ ያለው የእብድ ውሻው ማኅተም ነው። ሌላ እንዳለ የነገረኝ የለም። ከፍዬ ያስከተብኩት ባለሙያ ያልነገረኝን እኔ ከየት አውቄ ነው?

የጎባ ልጅ፦
እንግዲህ «የተከተበ ነው» ያልከው ግማሹ ነበር። ትናንት ግን በሙሉ አፍህ ነበር የተናገርከው።

ከሜሪላንድ፦
ሰው ስህተቱን ሲያምን መደብደብ የእኛ አመል ነው።

የጎባ ልጅ፦
የት ላይ አመነ? «አልነገሩኝም» አለ እንጂ «አጠፋሁ» አላለም።

ከሐዋሳ፦
እኔ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። ውሻ ይዘው የሚመጡ እንግዶች በዝተዋል፤ እኛ ግን አንቀበልም። ከእንግዶቻችን ውሻ በተኛበት ክፍል የማይጸልይ ሙስሊም አለ፤ ክርስቲያኑም ውሻ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። ባለ ውሻዎቹ ይቆጣሉ፤ አንዳንዱ ውሻውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ዘግቶበት ምሳውን ይበላል። የቦቢ ወዳጆች ስለዚህኛው ለምን አትናገሩም?

የቦቢ አባት፦
እኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ቦቢን መኪና ውስጥ አልዘጋሁበትም፤ ለዚህም ነው ያወረድኩት። አምስት ደቂቃ እግሩን ያፍታታ ብዬ ነው።

አስጎብኚው፦
በማሰሪያም እግር ይፍታታል። አሁንም «አምስት ደቂቃ»። ፎቶግራፎቹን ደግሜ አየኋቸው። በመጀመሪያው ቱሉ ዲምቱ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል። በሦስተኛው ጉሙ ወርዶ ተራራው ጠፍቷል፣ የመኪናው ጥላም የለም። ሳነቴ ላይ ጉም ቶሎ ይወርዳል፤ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ግን ባዶ የነበረው ድንጋይ ላይ በሦስተኛው ሰሐንና ፔርሙዝ ተደርድሯል። ምሳ ተበልቶ ቡና ተጠጥቷል።

የቦቢ አባት፦
ፎቶግራፉን ያነሣችው እህቴ ናት። እኔ ሰዓት ይዤ አልቆጠርኩም።

የጎባ ልጅ፦
ካልቆጠርክ «አምስት» የሚለውን ከየት አመጣኸው?

ከሜሪላንድ፦
አምስትም ይሁን ሠላሳ፣ ቀበሮ አልሞተም። ባሌ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ ቅርስ ማለት ሰው የሚጎበኘው ነው።

የጎባ ልጅ፦
ሰው ይጎብኘው። እኔ በራችሁን ዝጉ አላልኩም። ለመሆኑ ቀበሮ እንዳልሞተ በምን አወቅህ? ሬሳ የሚያገኘው ሜሪላንድ ያለው ነው ወይስ ከብት ጠባቂው?

የቦቢ አባት፦
ፎቶግራፎቹን አነሣለሁ። ሌላው ሰው አይቶ እንዳይከተለኝ ብዬ ነው። በሚቀጥለው ፋሲካ ቦቢን የት እንደምተወው ግን ማናችሁም አልነገራችሁኝም፤ ሁላችሁም «ቤት ተወው» ነው ያላችሁኝ። ቤት ትቼው ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

የመርካቶዋ እናት፦
ከመሄድህ በፊት የሚያበላውን ሰው ደህና አድርገህ ምረጥ፤ ዘመድ የለህም?

የቦቢ አባት፦
እህቴ ናት ያለችኝ። እሷም አብራን ነበረች።

አስጎብኚው፦
ፔርሙዙን የያዘችው እሷ ናት?