የወደቀ ከባድ ሞተር ብቻዬን እንዴት ላንሣ?

የካዛንቺስ ጀማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ከአዲስ አበባ እየወጣሁ በየጤና ጣቢያው የተበላሸ ማይክሮስኮፕና የኦክስጅን ማሽን መጠገን ነው። ለዚህ ጉዞ መሥሪያ ቤታችን አንድ ሮያል ኢንፊልድ ሂማሊያን አለው። 411 ሲሲ ነው፤ ነዳጅና ዘይቱ ተሞልቶ 199 ኪሎ ይመዝናል። በከተማው ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ፈቃድም አለው። ሲነዳው የነበረው ባልደረባዬ ወደ ሐዋሳ ስለተዛወረ ቁልፉ እኔ እጅ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ግን የዚህን ግማሽ ያህል በሚመዝን ሞተር ነው። እኔ 54 ኪሎ ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60። መቀመጫው ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል በእግር ጣቶቼ እቆማለሁ እንጂ ተረከዜ አያርፍም።

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ከለገሀር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት እወጣ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ፖስታ ቤቱን አለፍ ብዬ በቀኝ በኩል ወዳለ አንድ ሕንፃ ግቢ ለመግባት ታጠፍኩ። አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ብዙም አልፈጥንም። ግማሹን እንደታጠፍኩ ከግቢው አንዲት ነጭ መኪና ብቅ አለች፤ ፍሬን ያዝኩ። መሪው ወደ ቀኝ ተቆልምሞ ቀረ፤ ሞተሩ ጠፋ። ቀኝ እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬቱ ግን እግሬ ከጠበቀው በታች ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቀስ እያለ፣ እኔ በሙሉ ኃይሌ ይዤው እያለሁ፣ ተኛ።

እኔ አልተጎዳሁም። ለማንሣት ሞከርኩ። ሁለቱን እጀታዎች ጨብጬ ጎንበስ ብዬ ሳብኩ፤ አንድ ስንዝር እንኳ አልተነቃነቀም፤ ወገቤን ግን ወጋኝ። አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን ትቶ ሮጠ፤ የግቢው ጥበቃና አንድ የታክሲ ረዳት ተጨመሩና ሦስት ሆነው አቆሙልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ወደ ጎሐ ጽዮን መሄድ አለብኝ። ከፍቼ ወዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ብወድቅ ሦስት ሰው ከየት ይመጣል? ሞተሩን የተቀበልኩት እችላለሁ ብዬ ነው፤ ስለዚህ መቻል እፈልጋለሁ። በእኔ አቅም ይህን ሞተር ብቻዬን የማንሣት ዘዴ አለ? ካለስ የትና እንዴት ልለማመደው?

ባለ 125፦

እህቴ፣ እንኳን ለክፉ አልሰጠሽ። የእኔ ምክር አጭር ነው። 199 ኪሎ ማለት ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው። ለጀማሪ፣ ያውም ለብቻ ተጓዥ፣ ይህ ክብደት ልክ አይደለም። አለቆችሽን 125 ወይም 150 ሲሲ የሆነ ሞተር እንዲያመጡልሽ ጠይቂ። ገጠር የሚሠሩ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት የተጓዙት በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ኮረኮንቹንም ጭቃውንም ይወጣዋል። ከባዱን በኋላ ትደርሽበታለሽ። ይህን የምለው አትችይም ለማለት አይደለም፤ ከፍቼ ወዲያ ያለውን ብርድና ብቸኝነት ስለማውቀው ነው።

የድሮ መልእክተኛ፦

ልጄ፣ እኔ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ 22 ዓመት በዚሁ ከተማ በሞተር ደብዳቤና ጥቅል ሳደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የነዳሁት ሱዙኪ ዲአር 650 ነው፤ መቀመጫው ከአንቺ ሞተር በ8 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ እኔም ከአንቺ ብዙ አልረዝምም። ከላይ የጻፈው ወንድማችን ምክሩ የቅን ነው፤ ቀላል ሞተር ካገኘሽ አትጥይው። ካላገኘሽ ግን ይህኛው ከአቅምሽ በላይ አይደለም።

ስለ ማንሣቱ ከመናገሬ በፊት ስለ መውደቁ ልናገር፤ ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋልና። "ፍሬን ያዝኩ፤ መሪው ተቆልምሞ ቀረ" ብለሻል። የያዝሽው በቀኝ እጅሽ ያለውን የፊት ፍሬን ነው። መሪ ዞሮ ሳለ በእንዲያ ያለ ቀስታ የፊት ፍሬን ከተያዘ ክብደቱ በሙሉ መሪው ወደ ዞረበት ጎን ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበተኛም ቢሆን አያቆመውም። ሲታጠፉ የሚሠራው የኋላ ፍሬን ነው፤ ቀኝ እግርሽ ፍሬኑ ላይ፣ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተይዞ፣ ነዳጁ ሳይቋረጥ። የፊቱን መያዝ ግድ ከሆነ አስቀድመሽ መሪውን አቅኚ። ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ቸርችልን ሽቅብ እየወጣሽ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ቁልቁለቱ በቀኝሽ ይሆናል። መሬቱ ከእግርሽ የሸሸው ለዚህ ነው። በእንደዚህ ያለ ቦታ የሚወርደው ግራ እግር ነው፤ ቀኙ ፍሬኑን አይለቅም።

አሁን ወደ ማንሣቱ። እህል በረንዳ ኩንታል የሚሸከሙትን ሰዎች ልብ ብለሽ አይተሽ ከሆነ በወገቡ የሚያነሣ የለም። ሸክሙን ከጀርባው ያስጠጋል፤ ከጉልበቱ በርከክ ይላል፤ በእግሩ ይነሣል። አንቺ ፊትሽን ሰጥተሽ በእጅሽ ሳብሽው፤ ጀርባሽን ስጪው። 199 ኪሎ የሚለው ቁጥርም አያስደንግጥሽ። ጎማዎቹ መሬቱን ስለማይለቁ ሞተር የሚነሣው እንደ ሣጥን ክዳን ነው፤ ከባዱ የመጀመሪያው ሁለት ስንዝር ነው፤ ከዚያ በላይ እየቀለለ ይሄዳል።

እንደ ማክሰኞው በቀኝ ጎኑ ከተኛ መጀመሪያ ቀዩን ማጥፊያ ተጫኚ፤ ቁልፉንም አጥፊ። አንደኛ ማርሽ ላይ መሆኑን እዪ፤ የማርሽ መርገጫው በግራ ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ታገኚዋለሽ። ማርሽ ላይ ከሆነ የኋላ ጎማው አይንከባለልም። የጎን መቆሚያውን ያኔውኑ ዘርጊው፤ ይህን የረሳ ሰው አቁሞት ሲያበቃ በዚያኛው ጎን ይጥለዋል። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው አዙሪ፤ የታችኛው እጀታ ወደ መቀመጫው ይቀርብልሻል። ከዚያ ዞር በይና የመቀመጫው ጠርዝ ከዳሌሽ ስር እስኪገባ ድረስ ቁጢጥ በይ። ግራ እጅሽ የታችኛውን እጀታ፣ ቀኝ እጅሽ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ብረት ይያዝ። ክንድሽ አይታጠፍ፤ ክንድሽ ገመድ ነው፣ ሠራተኛው እግርሽ ነው። ቀና ብለሽ ከፊትሽ ያለውን ግድግዳ እያየሽ በዳሌሽ ወደ ኋላ ግፊ፤ አንድ ትንሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ ትንሽ እርምጃ። አትንጪው። ቀጥ ሊል ሲቃረብ ኃይልሽን ቀንሺና በቀስታ መቆሚያው ላይ አሳርፊው።

በግራ ከወደቀ እጆችሽ ይለዋወጣሉ። መቆሚያው ስሩ ስለሚሆን ቀድመሽ መዘርጋት አትችይም፤ ቀጥ ሲል እንዳያልፍሽ ይዘሽ በተረከዝሽ አውጪው።

የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ማንሣቱን ከመለማመድሽ በፊት ሳምንት ሙሉ ሞተሩን ጠፍቶ እንዳለ ግፊው። ግቢያችሁ ውስጥ፣ በግራው ቆመሽ፣ ዳሌሽን ከነዳጅ ጋኑ አስጠግተሽ፣ ሁለት ጣትሽ የፊት ፍሬኑ ላይ ሆኖ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ዙሪያውን። ቀጥ ብሎ ሲቆም በሁለት ጣት የሚያዝበት አንዲት ነጥብ አለች። ከዚያች ነጥብ በአራት ጣት ሲያዘነብል ይከብዳል፤ በስንዝር ሲያዘነብል አይያዝም። ይህን ልዩነት እጅሽ ሲያውቀው መውደቁን ገና ሳይጀምር ታቆሚዋለሽ። ካለፈብሽ ደግሞ ልቀቂውና እግርሽን አውጪ። ብረት ይጠገናል።

ጋራዥ ሠራተኛ፦

ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል፤ እኔ ከሙያዬ በኩል ልጨምር። በልምምድሽ ጊዜ ነዳጅ አትሙይ። የሂማሊያን ጋን 15 ሊትር ይይዛል፤ ያ ወደ 11 ኪሎ ነው፤ የሚቀመጠውም ከላይ ስለሆነ ሚዛኑን ይጎትተዋል። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መያዣ ከመሪው ጋር ያሠሩትን ብሎኖች ጥቂት አላሊልኝ፤ በእጅ ኃይል እንዲዞሩ ሆነው ይቀመጡ። ያኔ ሲወድቅ መያዣው ይዞራል እንጂ አይሰበርም። ገጠር ውስጥ የተሰበረ የፍሪሲዮን መያዣ ማለት ጉዞው እዚያ አበቃ ማለት ነው።

ከተነሣ በኋላ ወዲያው አታስነሺው። ነዳጅ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ከሆንሽ ገፍተሽ ራቂ። ከሞተሩ ስር ዘይት መንጠባጠቡን፣ የእግር መርገጫው መታጠፉን እዪ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ የዘይቱን መጠን ተመልከቺ። አልነሣ ካለሽ አትጨነቂ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ሲጋደሙ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ቁልፉን አጥፍተሽ እንደገና ስትከፍቺው ይነሣል።

የካዛንቺስ ጀማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሳምንት ሙሉ ገፋሁት። በሦስተኛው ቀን ያቺን ነጥብ አገኘኋት፤ ቀኝ እጄ መቀመጫው ላይ ቀለል ብሎ አርፎ ሞተሩ ዝም ብሎ ቆመልኝ።

ቅዳሜ ማንሣቱን ጀመርኩ። ግቢያችን ሣር የለውም፤ ኮብልስቶን ነው። ከሰፈራችን ጎሚስታ ሁለት አሮጌ የመኪና ጎማ ለምኜ ሞተሩን በላያቸው አስተኛሁት፤ ከዚያ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ጎማዎቹን አንሥቼ ከመሬት ስሞክር ግን ሁለት ጊዜ አቃተኝ። እግሬ እየተንሸራተተ መሆኑን ያየልኝ የጥበቃ ሠራተኛችን አባባ ናቸው። ሸራ ጫማዬን አውልቄ የሥራ ቡትስ አደረግኩና መልሼ ቁጢጥ አልኩ። በዚህኛው ክብደቱ ከዳሌዬ ወጥቶ ወደ ጎማዎቹ ሲሄድ በግልጽ ተሰማኝ፤ የኋላው ስፕሪንግ ሲጨመቅ ሰማሁት፤ ቀና ስል መቆሚያው ላይ ነው። አባባ በዚያኛው ጎን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር፤ አልነኩትም። ወገቤን ምንም አላመመኝም። ሦስት ጊዜ ደገምኩና ሲደክመኝ አቆምኩ።

አንድ ነገር ግን አልሆነልኝም። ከበሩ ወደ መንገዱ የሚወጣው ቁልቁለት ላይ አስተኝቼው ሞከርኩ፤ እንደ ማክሰኞው አልተነቃነቀም። ጎማዎቹ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ነበር።

የድሮ መልእክተኛ፦

እሰየው ልጄ! ቸርችል ላይም ያልተነሣልሽ በዚሁ ምክንያት ነው። መቀመጫው ወደ ቁልቁለቱ ካየ ሞተሩ ከጠፍጣፋ መሬት ይልቅ ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ የሚነሣውም ሽቅብ ይሆናል። እንዲያ ሆኖ ለማንሣት አትታገዪ። መጀመሪያ እንደተኛ አዙሪው። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ብረት ይዘሽ ጥቂት በጥቂት ወደ ቁልቁለቱ ጎትቺ፤ በእግር መርገጫውና በመሪው ጫፍ ላይ ይዞርልሻል። ሩብ ዙር ይበቃሻል፤ የፊት ጎማው ወደ ሽቅብ ይይ። ያኔ በቀኝም በግራም ቁልቁለት የለም፤ እንደ ግቢያችሁ አድርገሽ ታነሽዋለሽ። አንደኛ ማርሽ ላይ መሆኑን ግን ሁለት ጊዜ አረጋግጪ፤ አለዚያ ሲቆም ወደ ኋላ ይንከባለላል። ቀለሙ ይጫራል፤ ለዚያ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፈሽ ከመቀመጫው ስር ያዢ፣ ከማዞርሽ በፊት ታነጥፊዋለሽ።

ወደ ጎሐ ጽዮን ሳትሄጂ በፊት ደግሞ አንድ እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ወደዚያው ቸርችል ላይ ወዳለው መታጠፊያ ተመለሺ። የፊት ፍሬኑን ሳትነኪ፣ በኋላው ብቻ፣ ግራ እግርሽን ለመውረድ አዘጋጅተሽ አምስት ጊዜ ታጠፊበት።