የቦረና ከብት የእኛ ነው ወይስ የኬንያ?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በአዳማ ዙሪያ ለውጭ ገበያ የሚሆኑ ያልተኮላሹ ኮርማዎችን አደልባለሁ። አብዛኞቹ ከያቤሎ አቅጣጫ የሚመጡ የቦረና ከብቶች ናቸው። በቅርቡ ያነጋገርኩት አንድ የደቡብ አፍሪካ አርቢ ግን «ቦራን የኬንያ ዝርያ ነው» በማለት አጥብቆ ተከራከረኝ። ሁለቱ አንድ ናቸው? አንድ ከሆኑስ ዝርያው በምን መንገድ እስከዚያ ድረስ ተዳረሰ?

መልስ 1 (የእንስሳት እርባታ ባለሙያ)፦
ግንዱ አንድ ነው፤ አርቢውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የዝርያው መነሻ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦረና ቆላማ ምድር ሲሆን፣ ከዚያ በአርብቶ አደሮች እንቅስቃሴ ወደ ሰሜን ኬንያና ወደ ሶማሊያ ተስፋፍቷል። በኬንያ የጣና ወንዝ አካባቢ የሚገኙት ኦርማዎች የሚያረቡት ከብትም የዚሁ ዘር ቅርንጫፍ ነው። ሻኛው ዜቡ (ባለ ሻኛ የከብት ዘር) መሆኑን ቢመሰክርም፣ የዘረመል ጥናቶች ሻኛ ከሌላቸው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ከብቶች የተወረሰ ደምም እንዳለው አሳይተዋል።

የኬንያው ታሪክ የሚጀምረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። በላይኪፒያና በአጎራባች አካባቢዎች የሰፈሩ አውሮፓውያን አርቢዎች ከቦረናና ከሶማሌ ነጋዴዎች ከብት ገዝተው ከአውሮፓ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ፤ ሙቀቱን፣ መዥገሩንና የመኖ እጥረቱን በተሻለ የሚቋቋመው ንጹሑ ቦራን መሆኑን የተረዱት ግን ቆይተው ነው። ከዚያ በኋላ ለሥጋ ምርት እየመረጡ አራቡት፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የአርቢዎች ማኅበር አቋቁመውም የዘር መዝገብ መያዝ ጀመሩ። ስለዚህ «የኬንያ ቦራን» የሚለው መጠሪያ የተመረጠውንና የተመዘገበውን ዘር እንጂ የዝርያውን መነሻ አይገልጽም።

ወደ ውጭ የወጣውም በዋነኝነት ይኸው የተመዘገበው ዘር ነው። ከኬንያ ወደ ዛምቢያ ተሻገረ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ ከዛምቢያ የተወሰዱ በረዶ የተደረጉ ፅንሶች በሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙት የአውስትራሊያ ኮኮስ ደሴቶች የኳራንቲን ጣቢያ በሌሎች ላሞች ማሕፀን አድገው፣ ጥጆቹ ወደ አውስትራሊያ ገቡ። ደቡብ አፍሪካም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፅንስ ከኬንያ አስገብታለች። ለእኔ እጅግ የሚገርመኝ፣ በእግሩ ረጅም ርቀት በመጓዝ የታወቀ ከብት ባሕር የተሻገረው በፅንስ መልክ መሆኑ ነው።

መልስ 2 (ከያቤሎ)፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቦረና የራሱ ምርጫ ያልነበረው ይመስል የመረጡት የኬንያ አርቢዎች ብቻ ናቸው ማለት ተገቢ አይደለም። ማኅበረሰባችን ከብቱን የሚመዝነው በሥጋው ብቻ ሳይሆን በላሚቱ ወተት፣ በመውለድ ችሎታዋና በድርቅ ወቅት በምታሳየው ጽናት ጭምር ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ሰዎች ተደራርበው ቆመው እየዘፈኑ ውኃ እየተቀባበሉ ሲያወጡ ያየ ሰው፣ በበጋ በሦስት ቀን አንዴ ብቻ የሚጠጣ ከብት ለምን እንደሚከበር ይገባዋል። እኛ ዘንድ ትልቁን ዓይነት ቆርቲ፣ ትንሹን አዩና እንላለን። ለሥጋ የሚፈለገው ቆርቲው ነው፤ ድርቅ መንጋውን ባሳሳው ቁጥር ግን ከሌላ አካባቢ የሚገቡ ትናንሽ ከብቶች ከእርሱ ጋር እየተደባለቁ ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእርባታ የሚሆን ቆርቲ ኮርማ በመልኩ ለይቶ መግዛት ይቻላል?

መልስ 2፦
ቁመቱና ርዝመቱ ይጠቁማሉ፤ ሆኖም በመልክ ብቻ አይግዙ። ከተቻለ እናቱን ይመልከቱ፣ የዘር ሐረጉንም ባለቤቱን ይጠይቁ፤ የቦረና ሽማግሌ የላሚቱን ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይነግርዎታል።