ላሜ ባቤዥያ ታክማ ለምን አልበረታችም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሞጣ አካባቢ ነው። ድቅል ላሜ ከአምስት ቀን በፊት መኖ ተወች፤ ሽንቷም እንደ ቡና ጠቆረ። ሐኪም መዥገር ያመጣው ባቤዥያ የሚባል የደም ተውሳክ ነው ብሎ ዲሚናዚን የተባለውን መድኃኒት ወጋት። ትኩሳቱ በማግስቱ በረደላት፤ ድዷ ግን እስካሁን ነጭ ነው፣ ስትነሳም ትንገዳገዳለች። ጎረቤቴ የብረት መርፌ ጨምርላት ይለኛል። የልጆቼ እንጀራ ይህች ላም ናት፤ እባካችሁ ምከሩኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ወንድሜ፣ የብረቱን መርፌ ለጊዜው ተወው። ተውሳኩ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሲወጣ ሕዋሱን ያፈነዳዋል። ከፈነዳው ሕዋስ የሚፈስሰው ብረት ነፃ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን ያበዛል፤ ተውሳኩን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳትም እነዚህኑ ያመነጫሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የምንለው ይህንን ነው። ተውሳክ ያልገባበት ሕዋስ እንኳ ሽፋኑ ተጎድቶ ይሰበራል፤ ተውሳኩ ከሞተም በኋላ ላሟ ቶሎ የማትበረታው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አብዛኛው ብረት ከሰውነቷ አልወጣም፤ ትርፉ ለዚያው ጉዳት ማገዶ ይሆናል። ቫይታሚን ኢ ከሴሊኒየም ጋር ሊያግዛት ይችላል፤ ተውሳክ ግን አይገድልም። ሴሊኒየም መጠኑ ካለፈ መርዝ ስለሆነ ክብደቷን ገምቶ የሚወጋት ሐኪም ይሁን፤ አደራህን ከሱቅ ገዝተህ ራስህ እንዳትወጋ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሽንቷን በብርጭቆ አቆየው። ደሙ ከታች ከዘቀጠ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እኩል እንደቀላ ከቆየ የፈረሰ ደም ነው። በቅርቡ ከወለደች የፎስፈረስ እጥረትም እንዲህ ያደርጋል። ከጆሮዋ ጫፍ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ አናፕላዝማ የሚባለው፣ እሱም በመዥገር የሚተላለፍ የደም ባክቴሪያ፣ አብሮ ካለ ዲሚናዚን አይነካውም፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል።

ላም አርቢ፣ ባሕር ዳር፦ ወንድም ዓለም፣ የእኔም ላም እንዲሁ ሆና ነበር። ወደ ወንዝ አትንዳት፤ ደም ያነሳት ላም ስትደክም ወድቃ ትቀራለች። ጥላ ሥር አሳርፋት፣ ውሃውን አጠገቧ አድርግላት። ድርቆሽ ሲቆይ ቫይታሚን ኢው ይሳሳል፤ እኔ ለምለም አልፋልፋ እያጨድኩ ነበር የማበላት። ከጡቷ ዙሪያና ከጭራዋ ሥር መዥገር ፈልግ፤ የሌሎቹንም ከብቶች እይ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽንቱን ከጠዋት ጀምሮ አቆየሁት፤ ምንም አልዘቀጠም። ከወለደች ሰባት ወር ሆኗታል። ሐኪሙ ነገ ደሟን ሊወስድ ይመጣል። ማምሻውን ከእጄ ሣር በላች።