ስላይም ሞልዴ ኢንዛይም ማምረት አቆመ ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ዲክቲዮስቴሊየም በሚባል ስላይም ሞልድ ላይ ነው፤ ሲርባቸው ነጠላ አሜባዎቹ አንድ ላይ የሚሰበሰቡ ፍጥረት ነው። አሜባዎቹን ከምግባቸው አጥቤ፣ ፎስፌት ባፈር ውስጥ እያንቀጠቀጥኩ አስርባቸውና ወደ ፈሳሹ የሚለቁትን ፎስፎዳይኤስተሬዝ (እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ኬሚካል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒን፣ የሚያፈርስ ኢንዛይም) በየሰዓቱ እለካለሁ። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ቁልቁል። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ግን ደህና ናቸው። ጓደኛዬ ከመጀመሪያው 1 ሚሊሞላር ሳይክሊክ ኤኤምፒ ጨምራ ኢንዛይሙ ጥሩ ወጣላት፤ ሴሎቿ ግን አልሰበሰቡም። ምን ጉድ ነው? አማካሪዬ ሳይጠይቀኝ ድረሱልኝ።

መልስ 1፦
አይዞህ፣ ማምረት አላቆሙ ይሆናል። የለካኸው የኢንዛይሙን ሥራ ነው እንጂ ብዛቱን አይደለም። እነዚህ ሴሎች ሲራቡ ኢንዛይሙን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲንም ይለቃሉ፣ የተያዘው ኢንዛይም ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ እያለ እንደሌለ ነው። ውጭ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲበዛ የዚህ አጋች ምርት ይታፈናል፣ የኢንዛይሙ ይጨምራል። የጓደኛህ ውጤት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ያንተን ፈሳሽ ከእሷ ጋር እኩል ቀላቅልና ለካ። ሥራው ከሁለቱ አማካይ በጣም ከወረደ አጋቹ ካንተ ዘንድ አለ ማለት ነው። ግን የእሷ ፈሳሽ አስቀድሞ ዲያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን በስስ ሽፋን አሳልፎ ማስወጣት) ይደረግለት፣ የቀረው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ልኬቱን ያበላሸዋል።

መልስ 2፦
ምልክቱን፣ ማለትም ሳይክሊክ ኤኤምፒውን፣ የሚልኩት ራሳቸው፣ የሚያፈርሱትም ራሳቸው መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል። ግን ካላፈረሱት ሁሉም ቦታ እኩል ይሞላና አቅጣጫው ይጠፋቸዋል። ምልክቱን የሚቀበለው ሪሴፕተርም ይለምደዋል፣ አዲስ ምልክት ቢመጣ አይሰማም። 1 ሚሊሞላር ማለት እኮ ጆሯቸው ላይ ያለማቋረጥ መጮህ ነው! ባይሰበሰቡ ምን ይገርማል?

መልስ 3፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንዛይሙ በማያቋርጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒም ይወጣል። ለመሰብሰብ የሚያስፈልጉት ጂኖች፣ ለምሳሌ ሴል ከሴል የሚያጣብቀው፣ ግን በልክ እየቆየ የሚመጣ የሳይክሊክ ኤኤምፒ ምት ይፈልጋሉ፤ በየ6 ደቂቃው ወደ 30 ናኖሞላር ገደማ፣ ለ4 ወይም 5 ሰዓት። ፓምፕ ከሌላችሁ በፒፔት ተቀያየሩ፣ እኔ እንደዛ አድርጌ አንገቴ ተጣሞ ነበር። ደግሞ በደንብ እጠቡ። ትንሽ ምግብ ከቀረ ረሃቡ አይጀምርም፣ ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ጓደኛዬን ዲያሊሲስ አድርጋ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም አለች።