ገጠር ያለ ሰው ጤነኛ ነው ይባላል፣ ታዲያ ለምንድነው ቀድሞ የሚሞተው?

የመጨረሻ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ጥያቄዬ ረዘም ሊል ይችላል ታገሱኝ። አባቴና ታላቅ ወንድሙ የሁለት አመት ልዩነት ነው ያላቸው። አባቴ እድሜ ልኩን ገጠር ነው የኖረው፣ እርሻ ላይ ነው ያረጀው፣ አጎቴ ደግሞ በልጅነቱ ከተማ ገብቶ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሰርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አጎቴ ስኳር አለበት ግፊት አለበት ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ተብሎ ለሱም ኪኒን ይውጣል፣ ወፍራም ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አባቴ ግን ቀጭን ነበር፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ የሚውል፣ ሲጋራ ባፉ ዞሮ የማያውቅ፣ አሞት ያውቃል ብዬ እንኳን አላስታውስም። እና ቤተሰቡ ሁሉ ሲጨነቅ የኖረው ለአጎቴ ነው።

አምና አባቴ ጠዋት ሊነሳ ሲል አንድ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ጠመመ፣ መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል እስኪደርስ መሸ፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። 61 አመቱ ነበር። ስትሮክ ነው አሉን፣ ሲገባ ግፊቱ 220 በ130 ነበር። አንድ ቀን እንኳን ተለክቶ አያውቅም እኮ። አጎቴ እድሜ ይስጠውና ዛሬም አለ፣ ክትትሉን አያቋርጥም።

ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ካንሰር የከተማ በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። የኛ ቤት አጋጣሚ ነው ወይስ በጥናትም እንዲህ የሚታይ ነገር ነው? የምታውቁ ካላችሁ በእውነት ንገሩኝ፣ እናቴ እዛው ነው ያለችው።

ሲስተር ነኝ፦

ነፍሱን ይማር የኔ እህት፣ እግዜር ያጽናሽ። 14 አመት ነርስ ነኝ፣ ግማሹን ከተማ ሆስፒታል ስኳርና ግፊት ክትትል ክፍል፣ ግማሹን ገጠር ጤና ጣቢያ ነው የሰራሁት፣ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን አይቻለሁ። አጋጣሚ አይደለም።

ግፊት እኮ አያምም። ሰውየው ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ይስቃል፣ ግፊቱ 200 ሆኖ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 አመት ካሉ አዋቂዎች ውስጥ 1.28 ቢሊዮን ሰው ግፊት ነበረበት፣ ከነዚህ 46 በመቶው እንዳለበት አያውቅም ነበር። ከተማ ውስጥ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሄዶም ቢሆን ይለካል፣ ለስራ ቅጥር፣ ለእርግዝና፣ ለጥርስ። ገጠር ግን ካልወደቀ ማን ይለካዋል?

አንዲት እናት አይኔ ደከመብኝ ብለው መጡ፣ መነጽር ፈልገው ነው። ለማንኛውም ብዬ ስለካቸው 210 በ120። ደግሜ ለካሁ፣ ያው። እራስ ምታት? የለም። ምንም የለም። የ30 ቀን ኪኒን ሰጥቼ፣ ሲያልቅ ይምጡ ብዬ ደጋግሜ ነግሬ ሸኘኋቸው። የመጡት ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። መድኃኒቱስ እናቴ ስላቸው "ጨርሼው ተሻለኝ እኮ" አሉኝ። መንገዱ ለሳቸው የግማሽ ቀን ነው፣ ደግሞ ያላመማቸውን ነገር ብለው ያን ያህል ይሄዳሉ ብዬ መጠበቄም ልክ አልነበረም። ያኔ የሁለትና የሦስት ወር አድርጌ ብሰጣቸው ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

የአባትሽ ደግሞ የሰአት ጉዳይም አለበት። ስትሮክ ሁለት አይነት ነው፣ ደም ረግቶ የሚዘጋና ደም ስር ፈንድቶ የሚፈስ። ለተዘጋው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ ግን ከጀመረው በ4 ሰአት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ለፈሰሰው ከተሰጠ ደግሞ ይገድላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሲቲ ስካን ተነስቶ መለየት የግድ ነው። እሳቸው ደግሞ ሲነሱ ነው ያወቁት፣ ሌሊት በስንት ሰአት እንደጀመራቸው የሚያውቅ የለም፣ ይሄ ከተማም ቢሆን ሀኪሙን ያስቸግረዋል። እንኳን ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ተውሎ። ስለዚህ ቤተሰብ ምን ባደረግን እያለ ራሱን እንዳይወቅስ።

የቁጥር ሰው፦

ነፍስ ይማር እህቴ። እኔ ስራዬ የጤና ዳታ ነው። የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ሳነብ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት ምክንያቱም ልክ ይሄንኑ የሚያሳይ ትልቅ ጥናት አለ። ፒዩር ይባላል፣ 17 ሀገር ውስጥ፣ ሀብታምም መካከለኛም ደሃም ተካቶ፣ ከ628 የከተማና የገጠር ማህበረሰቦች 156 ሺህ ምናምን ሰው መዝግበው በአማካይ 4 አመት የተከታተሉበት ነው፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2014 ወጣ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው የአደጋ ነጥብ ሰጡት፣ ያጨሳል ወይ፣ ግፊት ስኳር አለው ወይ፣ ወገቡ ምን ያህል ነው፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ምን ይበላል፣ ይጨነቃል ወይ፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ። ነጥቡ የከፋው ከተማ ነው፣ ማለትም አጎትሽ። እዚህ ድረስ ሁላችንም የምንጠብቀው ነው።

ከዛ ማን ታመመ ማን ሞተ ብለው ሲቆጥሩ ነገሩ ተገለበጠ። እንደ ሃርት አታክ፣ ስትሮክ፣ የልብ ድካምና በልብ ምክንያት መሞት ያሉ ከባድ ነገሮች ከ1000 ሰው በአመት ከተማ 4.83 ገጠር 6.25 ሆነ። ከታመሙት ውስጥ የሞቱትን ስታይ ደግሞ ከተማ 13.52 በመቶ፣ ገጠር 17.25 በመቶ። ሀብታምና ደሃ ሀገሮችን ሲያወዳድሩም ያው ነው የመጣው፣ ደሃዎቹ ጋ የአደጋ ነጥቡ ትንሽ ሞቱ ብዙ። አጥኚዎቹ ራሳቸው የሚጠረጥሩት ግፊቱ የሚታወቅበትንና መድኃኒት የሚያገኘውን ሰው ልዩነት ነው። አጎትሽ በሽታው አለበት ግን በሽታው ተይዟል፣ ሲስተር ያለችው እሱን ነው።

አይዋጥልኝም፦

ይቅርታ እኔ ግን ይሄ አይዋጥልኝም። ገጠር የቀረው ሽማግሌው ነው፣ ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቷል፣ ሽማግሌ ያለበት ቦታ ሞት መብዛቱ ምን ይገርማል? የከተማ ጭስ፣ መቀመጥ፣ ጭንቀት ሰው እየጨረሰ እያየን ገጠር ነው የባሰው ማለት ይከብደኛል። ደግሞ በድሮ ጊዜ ከተማ የገባ ሰው ነበር ቶሎ የሚሞተው፣ እሱስ ውሸት ነው?

የቁጥር ሰው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ሁለቱንም ልመልስልህ። የዕድሜው ነገር ልክ ነህ፣ ጥሬውን ቁጥር ያወዳደረ ሰው ይሳሳታል። ለዛ ነው በዕድሜ የተስተካከለ ቁጥር የሚሰራው፣ ሁለቱም ቦታ እኩል ሽማግሌ እኩል ወጣት ቢኖር ኖሮ ስንት ይሞት ነበር ተብሎ ይሰላል። አሜሪካን እንይ፣ መዝገባቸው የተሟላ ስለሆነ። እንደዛ ተስተካክሎ በ1999 ከ100,000 ሰው ገጠር 923.8 ከተማ 865.1 ሞተ። በ2019 ገጠር 834.0 ከተማ 693.4። ሁለቱም ቀንሷል ግን ከተማው በጣም ቀነሰ ገጠሩ ጎተተ፣ ልዩነቱ 7 በመቶ የነበረው በሃያ አመት 20 በመቶ ገባ። ልብ፣ ካንሰር፣ አደጋ፣ ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ስትሮክ፣ በአምስቱም ገጠሩ ይብሳል። ሀብታም ሀገር ነው እንግዲህ። እዛ ደግሞ ገጠሩ የበለጠ ያጨሳል፣ ውፍረቱም የበለጠ ነው፣ ስለዚህ ለያንዳንዱ ሀገር ምክንያቱ አንድ አይነት ነው አልልም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከተማ ሲሰራ ኖሮ ሲታመም ለመሞት ወደ ትውልድ ቦታው የሚመለስ ሰው አለ፣ የሱ ሞት የሚቆጠረው ገጠር ነው። ባለሙያዎቹ የሳልሞን ውጤት ይሉታል፣ አሳው ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ስለሚመለስ። ስለዚህ ከልዩነቱ የተወሰነው ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ ጥርጣሬህ መሰረት አለው።

የድሮውም እውነት ነው። በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የሚባል እንግሊዛዊ ባወጣው ሪፖርት የማንችስተር ሰራተኛ ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ነበር፣ ራትላንድ በሚባለው የገጠር አውራጃ ያለው ሰራተኛ ግን 38። የማንችስተር ባለሀብት ራሱ 38 ነበር፣ ማለት ሀብታሙ የከተማ ሰው ከገጠሩ ደሃ እኩል ነው የሚኖረው። 17 ሲባል ሁሉም በ17 አመቱ ሞተ ማለት አይደለም፣ ህጻናት እንደ ቅጠል ይረግፉ ስለነበር አማካዩን ያወርደዋል። ያኔ ገዳዩ የቆሸሸ ውሃና መጨናነቅ ነበር። ከተማው ውሃውን አጠራ፣ ሆስፒታል ሰራ፣ ቀስ በቀስ ነገሩ ዞረ።

መጠይቅ ይዤ፦

ሳነብ ብቻ ልሄድ ነበር ግን አላስቻለኝም። እኔ የሞት ምክንያት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሰርቻለሁ። ሀኪም ሳያየው ቤቱ የሞተ ሰው በምን እንደሞተ እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ቨርባል አውቶፕሲ የሚባል ነገር አለ፣ ሀዘኑ ትንሽ በረድ ሲል ቤተሰቡ ጋ ቁጭ ብለህ ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረው ነበር ወይ፣ እብጠቱ ከየት ጀመረ፣ ለስንት ቀን፣ ሲያስለው ደም ነበረው ወይ። መልሱን ሀኪሞች ወይ ኮምፒውተር አይቶ ምክንያቱን ይገምታል።

አንድ ቤት የ15 አመት ልጅ የሞተባት እናት አገኘሁ። ምን ነበር መጀመሪያ ያየሽው ስላት "ውሃ ነው" አለችኝ። ማሰሮ አንስቶ ይጠጣ ነበር፣ ሌሊት አምስቴ ስድስቴ ለሽንት ይወጣ ነበር፣ እየበላ ግን ቀለጠብኝ አለች፣ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ራሱ እየበሳ ነበር። መጨረሻ ላይ አስመለሰው፣ ሆዱን አመመው፣ በረጅሙ ይተነፍስ ጀመር፣ ከዛ አልነቃም። ቀበቶውን አምጥታ አሳየችኝ፣ አራት ቀዳዳ ነበረው። የጻፍኩትን ያዩት ሀኪሞች ስኳር ነው አሉ፣ የመጀመሪያው አይነት፣ ከውፍረት ጋር ምንም የማይገናኘው። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው፣ ይሄ ልጅ ግን ስሙን ሳይሰማ ሄደ። ቢያገኘውስ የተረፈው የት ይቀመጣል፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ፍሪጅ በሌለበት። እና የከተማ በሽታ ሲባል ስሰማ ቀበቶው ነው ትዝ የሚለኝ።

የሴቶቹም ሳል አለ። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች ሳንባቸው የአጫሽ ሳንባ ሆኖ ይሞታሉ፣ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት እያነደዱ። ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በአመት ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ይሞታል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ የ2020 ግምት ነው። ወንድም አይዋጥልኝም የከተማ ጭስ ብለሃል፣ ይሄኛውንም ቁጠረው።

አይዋጥልኝም፦

እሺ፣ የልጁ ነገር ከበደኝ። የዕድሜውንም ማብራሪያ ተቀብያለሁ። ግን ቢያንስ ውፍረት የከተማ ነው አይደል?

የቁጥር ሰው፦

ነበር። እሱም እየተቀየረ ነው። በ2019 የወጣ ከ112 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ዳታ የያዘ፣ 200 ሀገርና ግዛት የሸፈነ ስራ አለ፣ ከ1985 እስከ 2017 በዓለም ደረጃ ከጨመረው አማካይ የሰውነት ክብደት መለኪያ (ክብደት ከቁመት አንጻር ማለት ነው) ከ55 በመቶ በላዩ የመጣው ከገጠር ነው። መንገድ ገባ፣ ማሽን ገባ፣ የታሸገ ምግብ ገባ፣ ጉልበት የሚጠይቀው ስራ ቀነሰ። መንገዱም ማሽኑም ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። እኔን የሚያስፈራኝ የአደጋ ነጥቡ ወደ ከተማው እየተጠጋ ህክምናው እዛው የድሮው ቦታ ላይ መቆሙ ነው። በፒዩር ጊዜ ገጠሩ ቢያንስ ዝቅተኛ ነጥቡ ያግዘው ነበር።

የመጨረሻ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ከሲስተር መልስ በኋላ መለኪያ ገዝቼ እናቴ ጋ ሄድኩ። 168 በ96 አለ። እሷም ተለክታ አታውቅም፣ ደህና ነኝ ምን አስቸኮለሽ ትለኛለች። ምን ላድርግ ሲስተር?

ሲስተር ነኝ፦

ተረጋጊ የኔ ቆንጆ፣ ይሄ በጊዜው የተገኘ ነው። በአንድ ልኬት አይወሰንም። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯን አታጣምር፣ ሽንቷን ሸንታ ትምጣ፣ ክንዷ በልቧ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ጨርቅ ላይ አትለኪ፣ ስትለኪ አታዋሯት። ሁለቴ ለኪ፣ በመሃሉ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ጻፊ። ወረቀቱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ እንጂ ወር አትጠብቁ። ኩላሊትና ስኳርም አብሮ ይታይላት። በመሃል 180 በ120 ካለፈ፣ ከሱ ጋር ደረት ህመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአይን ብዥታ ወይ ጎን መዛል ካለ በዛው ቀን ነው። እነዚህ ምልክቶች ከመጡ ቁጥሩ ባያልፍም አትጠብቁ።

መድኃኒት ከተጀመረላት ደግሞ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ ንገሪያቸውና ግፊቷ ሲስተካከል የሦስት ወር እንዲሰጧት ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ይቻላል፣ ካልጠየቃችሁ ግን የአንድ ወር ነው የሚሰጡት።